አባዬ የሚሞላት ሰዓት

ትናንት ሚዛን ከተማ ላፕቶፔን የሠራልኝ ባለሙያ «የስክሪኑ ሰዓትም ተሳስቶ ነበር፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክዬልሻለሁ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ማን አስተካክል አለው?

ሱቁ የጋለ አቧራ ይሸታል። ቴፒ ቤታችን የነበረው፣ አባዬ ከጅማ ያስመጣው አሮጌ ኮምፒውተርም ሲከፈት እንዲሁ ይሸት ነበር። ባትሪው ስለሞተ በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። አባዬ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ክብ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሞላታል። ቡና ለቀማ የሚወጡ ጎረቤቶች ሳይቀሩ በመስኮት «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣው አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ማውሱን ያዘና ሦስት ሰዓቱን ዘጠኝ አደረገው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር እንዲህ አይቆጥርም» አለ እየሳቀ።

«እኔ ቤት እስካለ እንደ ቤቱ ይቆጥራል» አለ አባዬ። «ጠዋቴን መልስልኝ!»

አጎቴ ተቀይሞ ምሳ ሳይበላ ወጣ። ለሰዓት ብሎ ወንድሙን ያስቀይማል ወይ ብዬ አባዬን ታዘብኩት። ጠዋት እንዴት እንደሚወሰድ አልገባኝም ነበር።

ትናንት ገባኝ።

«ለመሆኑ ምሳ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት ባለሙያውን።

«ስድስት ሰዓት።»

እዚያው ፊቱ ሰዓቴን ወደ ቦታዋ መለስኩ። «አንተ ባስተካከልከው ሰዓት ስድስት የሚሆነው ሲመሽ ነው» አልኩት። «በል፣ እስከዚያ ጹም።»