ሁለት ጊዜ የፎከረው ፈረንጅ

ከቡሬ ወረድ ብሎ ባለው አገር ቢሰጥ ሳይፎክር ሰርግ ተደግሶ አያውቅም። ጠላው ቢጎመዝዝ ይታለፋል፣ ወጡ ቢቀጥን ይታለፋል፤ ሙሽራዋ ስትገባ ግን ቢሰጥ ከዳሱ መሐል ቆሞ «ዘራፍ» ካላለ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። ጠመንጃውን ገበሬ ማኅበሩ ከሰበሰበበት ወዲህ በከዘራ ነበር የሚፎክረው። ጠመንጃውን እንጂ ድምፁን የሰበሰበ የለም።

ሰው ይንቃል ቢሰጥ። አናናቁን ለመጻፍ ያስቸግራል። አፉን ሞልቶ አይሳደብም። ሌላ ሰው ሲፎክር ዝም ብሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የሚያይ ይመስል። የቡሬ ከተማን ሰው «ሸማች» ይለዋል፤ እህል ገዝቶ የሚበላ ሰው ለሱ ሰው አይደለም። የገበዝ ማርያሙን ፎካሪ ገደፋውንማ በስሙ እንኳ አይጠራውም፣ «ያ የሚያስለው» ነው የሚለው።

ነገሩ የመጣው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጥር ነው። የጎረቤቱ የዘሩ ልጅ ሀይሉ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የትራክተር ጥገና ተምሮ ተመልሶ ነበርና ሊያገባ ሆነ። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ሱሪው ከመጥበቁ የተነሣ ለመቀመጥ ከሱ ጋር ይመካከራል። ይዞት የመጣው አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ይኸው ካሴት ይከፈት እንጂ ፉከራ አልፈልግም አለ። ዘሩ ተጨነቀ። ልጁን እንዳይከለክል ልጁ የተማረ ነው፣ ቢሰጥን እንዳይተው አገር ይታዘበዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሰጥን ጠራና «አያ ቢሰጥ፣ እስቲ ይስሙትና ይፍረዱ» አለው።

ቢሰጥ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሀይሉ ቴፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አስረዳ።

«ሄቪ ሜታል ይባላል አባባ። ከባድ ብረት እንደ ማለት ነው።»

«ብረት ከሆነ ይሰማል» አለ ቢሰጥ።

መጀመሪያ ወፍጮ የተሰበረ መሰለ። ቀጥሎ ከበሮ መጣ፣ ሰው እየሮጠ የሚመታው ዓይነት ከበሮ። ከዚያ አንዱ ጮኸ። የዘሩ ዶሮዎች ተንጫጭተው ከቤት ወጡ። ቢሰጥ ግን አልተነሣም። ጩኸቱን ያውቀዋል። ከሆድ የወጣ ነው፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽ አያባክንም። ይህ ዘፈን አይደለም፣ ፉከራ ነው አለ በልቡ። ፉከራ ከሆነ ደግሞ ሥርዓት አለው።

«የማን ልጅ ነኝ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አላለም አባባ።»

«አገሩንስ?»

«አገሩንም አላለም።»

«እሺ፣ ምን ገደለ?»

ሀይሉ ሳቀ። «ኧረ ምንም አልገደለ። ስለ ሞት፣ ስለ እሳት ነው የሚለው።»

ቢሰጥ ሰማይ ሊያይ ቀና አለ፤ ቤት ውስጥ ነበርና ጣራውን አየ።

«ይኸ ደግሞ የባንዱ ሁለተኛ ካሴት ነው» አለ ሀይሉ፣ የረታ መስሎት። «የመጀመሪያው ለስለስ ያለ ነበር፣ ሰውም አልወደደላቸው። ስማቸውን ያስጠራ ሁለተኛው ነው።»

«በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሐል ማንን ጣለ?»

«ማንንም።»

«እንግዲያ ሳይገድል ሁለት ጊዜ ፎከረ።» ቢሰጥ ከዘራውን አነሣና ወደ ዘሩ ዞረ። «እኛ አገር ገድሎ እንኳ በአንድ ግዳይ ሁለት ጊዜ የፎከረ ውሃ የሚሰጠው የለም። ልጅህ ጀርመን ድረስ ሄዶ ቀባጣሪ ሰው አምጥቶልሃል። ወይ እሱ ወይ እኔ።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ንግሥቴ ጌሾ ትወቅጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ነብሩስ?» አለች ቀና ሳትል።

«የምን ነብር?»

«እርስዎ የገደሉት ነዋ። እኔ አምስት ልጅ ስወልድ እሱ በየሰርጉ እየሞተ ነው።»

«ነብር ሌላ ነው።»

«ይሁን፣ ሌላ ነው። ጥርስ አልነበረውም ይላሉ እንጂ ሌላስ ሌላ ነው።»

ሴት ስለ ግዳይ ምን ታውቃለች ብሎ ናቃት። ያን ቀን ግን እራት አልበላም። አንድ ሰርግ ካመለጠው ሌላውም እንደሚያመልጠው ያውቃል። ጠመንጃው ሄዷል፣ መሬቱም የማኅበሩ ሆኗል። የቀረችው ዳሱ መሐል ያለችው ቦታ ናት።

ዘሩ ከሁለቱ መምረጥ ስላልቻለ ሁለቱም ይሁኑ ብሎ ላከበት። ቢሰጥ ተኮሳትሮ ሄደ። ሙሽራዋ በበቅሎ ደርሳ ገና ሳትቀመጥ ከሀይሉ ሚዜዎች አንዱ ቴፑን ከፈተው። ሽማግሌዎቹ «ቴፑ ካሴቱን እየበላው ነው፣ አጥፉት» አሉ። ወጣቱ ግን መዝለል ጀመረ። ይህን ጊዜ ከሙሽራዋ ዘመዶች ጋር የመጣው ገደፋው ዱላውን ወዝውዞ መሐል ገባና በከበሮው ላይ «ዘራፍ» አለ። ከበሮው ከእግሩ ሥር የሚመታለት ይመስል ነበር። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ያን ቀን ደግሞ አላሳለውም።

ዘሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ቢሰጥ መጣ። «አያ ቢሰጥ፣ ይነሡ እንጂ።»

«ሰው እየፎከረ ነው።»

«ቴፕ እኮ ነው።»

«በሰው ፉከራ ላይ አይገባም። አባቴም አልገባ።»

«ገደፋው ገብቶ የለ?»

«እሱማ ያልተገራ ነው። ፈረንጁ ይጨርስ፣ እነሣለሁ።»

ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የዳሱን ቅጠል እያየ ጠበቀ። ፈረንጁ ቀባጣሪ ነው፣ ገደፋው ባለጌ ነው፣ የሚዘለው ሁሉ ፍየል ነው። በመጨረሻ ቴፑ ቋ ብሎ ቆመ። ቢሰጥ ተነሣ። ጋቢውን አውልቆ አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠ፣ ከዘራውን ከፍ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሚዜው ካሴቱን ገለበጠው። ለካ ሌላም ፊት አለው።

ለፉከራ የተነሣ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም። ቢሰጥ ጋቢውን መልሶ ተቀበለና ሽንት ሊሸና እንደሚወጣ ሰው ሆኖ ከዳሱ ወጣ፣ በዚያው ወደ ቤቱ ሄደ። ዘሩ የፈራው የአገር ትዝብትም አልመጣ። አገሩ ከገደፋው ጋር እየዘለለ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ጎረቤት ሴት ልጁን ዳረ። ቢሰጥ በጠዋት ደረሰ።

«ቴፕ አላችሁ?» ብሎ ባለሰርጉን ጠየቀ።

«ከሀይሉ ተውሰናል። ልጆቹ የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ቡሬ ሄደዋል።»

ሙሽራውና አጃቢዎቹ ገና ወንዙን አልተሻገሩም። ዳሱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ቢሰጥ ጋቢውን አጥሩ ላይ ሰቀለና እዚያው በር ላይ «ዘራፍ» አለ። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩትና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ናቃቸውና ድምፁን ጨመረ።