የአስር ደቂቃዋ ሽሮ

«አንቺ! ቁሌቱ የታለ?» ብሎ ወንድሜ ዛሬ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ላይ እያለ ጮኸብኝ። ተመልካቹ ሁሉ ሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ «ለጀማሪዎች ቀላል፣ ርካሽና ፈጣን የቪጋን እራት» እያለ ቪዲዮ መስራት ከጀመረ ሰነባብቷል። እሱ ቪጋን ይለዋል፣ እኛ ቀራንዮ ሰፈር «ሮብ» ነው የምንለው።

ሽሮው በአስር ደቂቃ ይደርስለታል። ለምን አይደርስ? እኔ ሽንኩርቱን ልጬ፣ ከትፌ፣ ዓይኔ እስኪቀላ አልቅሼ፣ በበርበሬ ያቁላላሁትን ከፍሪጅ ያወጣል። ውሃና ሽሮ ጨምሮ ያማስላል፣ አለቀ። እሁዴን ሙሉ የበላብኝ ሥራ ቪዲዮው ላይ «ትንሽ ቁሌት» ተብሎ ያልፋል።

እማዬ ደግሞ አንዴ ጎርሳ «እጅህ ይባረክ፣ የኔ ሼፍ!» ትለዋለች። የኔን እጅ ድስት ማጠብ ሲመጣ ነው የምታስታውሰው።

ስለዚህ ባለፈው እሁድ አላቁላላሁም። ፈጣን ነው ሲል ሰምቼ፣ አምኜው ነው።

ዛሬ ካሜራው በርቷል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ፍሪጁ ውስጥ ቁሌት የለም።

«አንተው ስራዋ!» አልኩት ከሳሎን። «አስር ደቂቃ አለህ።»

ላይቩ ወዲያው ተዘጋ። እራት ዳቦ በሻይ በላን። እሱም ቪጋን ነው።

እስቲ እናንተ ቤት «በቀላሉ» የሚደርሰውን ምግብ ቁሌት ማን እንደሚያቁላላ ጻፉልኝ። ወንዶች፣ «እኔ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት ግን ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላ የት እንደሚቀመጥ ንገሩን።