ራሱን የማይመርዘው ማሽላ

ትናንት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር በእግሬ ስሄድ፣ አንዲት ሴት ላሟን ከታጨደ ማሽላ ጉቶ ላይ ካቆጠቆጠ ለምለም ቅጠል ስታባርር አየሁ። «ይቺን ከበላች አለቀላት!» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ፓዌና የአቶ ይማም በሬ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ደጋ መጥቼ ፓዌ ውስጥ በአንድ የእርሻ ላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ቆላውን ገና አልለመድኩትም። ኅዳር ላይ ሰሊጥ ታጭዶ፣ ነዶው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲደርቅ አገሩ ሁሉ የተቆላ ነገር ይሸት ነበር። በዚያ ዓመት ከአጨዳው በኋላ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለና የማሽላው ጉቶ ሁሉ እንደገና አቆጠቆጠ።

አንድ ጠዋት አቶ ይማም ግቢያችን ገቡ። በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነው።

«በሬዬን መርዘው ገደሉብኝ» አሉ።

በሬው የሞተው ጉሙዙ ጎረቤታቸው ቦጋለ ማሳ ላይ ነው። ሁለቱ ለዓመታት ዘር ሲለዋወጡ፣ በሐዘን በደስታ ሲጠራሩ ኖረዋል። አሁን ግን የአቶ ይማም ወንድሞች ዱላ ይዘው ወጥተዋል፤ የቦጋለም ዘመዶች ተሰብስበዋል። ወዲያው ቦጋለ ራሱ ተከትሎ ደረሰ።

«እኔ መርዝ የለኝም» አለ። «ዝናብ መጣ፣ ይሄ ቅጠል ወጣ፣ ከብት ይሞታል። ለይማም ተናግሬ ነበር። አልሰማም።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ አልተከራከሩም። ከማሳው ቅጠሉን እንዳመጣ ላኩኝ። ከዚያ በሁለት የመስታወት ብልቃጥ ጨመሩት፤ አንዱን ወቅጠው፣ ሌላውን እንዳለ። በየክዳኑ ሥር መርዝ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቢጫ መመርመሪያ ወረቀት አንጠልጥለው፣ ሰው ሁሉ እያየ ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ጥቂት ቆይቶ ከተወቀጠው ቅጠል በላይ ያለው ወረቀት ብርቱካንማ፣ ቀጥሎም ሸክላ መሰለ። የሌላው ግን ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

«መርዙ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ተክሉ ከስኳር ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። ከብት ሲያኝከው ይፈታል።»

አቶ ይማም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወደ ቦጋለ ሄደው ትከሻውን ሳሙት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉ። ቦጋለ እጃቸውን ይዞ፣ «ሌላው በሬ እንዳይበላ አጥር እንሥራ» አለ። ደግሞ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ዞሮ፣ «ማሽላው መርዙን ሲሠራ እሱ ራሱ ለምን አይሞትም?» ሲል ጠየቀ።

ወይዘሮ ፀዳለ ፈገግ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«መርዙን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው፤ በተክሉ ውስጥ ያሉ በጣም ጥቃቅን ሠራተኞች በላቸው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። በመካከል የሚወጣው ነገር ተክሉን ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ተጠጋግተው ይቆሙና በቀጥታ ይቀባበሉታል፤ የመጨረሻው ከስኳር ጋር እስኪያስረው ድረስ ለማምለጥ ፋታ አያገኝም።»

«ሲቀባበሉ ሥራው ይፈጥናል ማለት ነው?» አልኩ እኔ።

«አጀማመሩ ይፈጥናል። ተራርቀው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው የሠራው በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይበተን ነበር፤ ሁለተኛው በቂ እስኪጠራቀምለት ይጠብቃል። ጎን ለጎን ሲሆኑ መጠበቅ የለም። ግን ሰንሰለቱ አንዴ ከተነሣ በኋላ ከሁሉም ቀርፋፋው ሠራተኛ ከሚችለው በላይ አይሮጥም።»

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ማሳው ተመለስኩ። ቅጠሉን በጣቶቼ መካከል ይዤ አገላበጥኩት። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ምንም የማያውቅ የሚመስል ቅጠል። በአንድ ዓይን ጥቅሻ ውስጥ ስንት ቅብብል ይካሄድበት ይሆን?

በእርሻ ወቅት ቦጋለ ከነቤተሰቡ ዶማ ይዞ መጥቶ የአቶ ይማምን መሬት ቆፈረላቸው። በአንድ በሬ ማረስ አይቻልማ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ኢንዛይሞች ብዙ አነበብኩ፣ ለብዙ ተማሪም አስተማርኩ። ማወቄ ግን መደነቄን አልቀነሰውም። ዛሬም በማሽላ ማሳ አጠገብ ሳልፍ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። የሚሰማኝ ነፋስ የሚያንኮሻኩሸው ቅጠል ብቻ ነው። ውስጡ የሚካሄደውን ሳስበው፣ በዚህ ዕድሜዬም ገና ምንም እንዳላየሁ ይሰማኛል።