የአፖሎኒያ አሜን

ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ከተፋጁበት ጦርነት በፊት የሚያውቋት ሰዎች፣ የወፍጮ ቤቷ አፖሎኒያ አፏ የማያርፍ ተረበኛ ነበረች ይላሉ።

ወፍጮ ቤቱ መጀመሪያ የመጡት የካቶሊክ ወታደሮች ናቸው። ባሏን ፋይትን ከዱቄት ጆንያው አጠገብ አቆሙትና፣ «እስቲ አባታችን ሆይ በልልን» አሉት። ካቶሊክ «ከክፉ አድነን» ካለ በኋላ አሜን ብሎ ይዘጋል። ፋይት ፕሮቴስታንት ነውና ምላሱ እንደለመደው «መንግሥት ያንተ ናትና» ብሎ ቀጠለ። ጸሎቱን ሳይጨርስ እሱን ጨረሱት።

ወንድሙ ክሪስፒን ቆጥ ላይ ተደብቆ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። በዓመቱ ሌሎች ወታደሮች መጡ። ክሪስፒን ብልጥ የሆነ መስሎት፣ ገና ሳይጠይቁት ጸሎቱን ጀመረና «ከክፉ አድነን፣ አሜን» ብሎ ዘጋው። እነዚህ ግን ስዊድኖች፣ የገዛ ሃይማኖቱ ሰዎች ነበሩ። ካቶሊክ ነው ብለው እዚያው ጆንያ አጠገብ ወጉት። ሁለቱንም የቀበረች አፖሎኒያ ናት።

ሰላም ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት፣ ሕዝቡ አብሮ ሲጸልይ እሷ «ከክፉ አድነን» ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። አሜንም አትልም። አዲሱ ፓስተር ይህን አይቶ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ካቶሊክ ሆኑ እንዴ?»

«እነሱስ አሜን ይሉ የለ?»

«ታዲያ ጸሎቱን ለምን አይጨርሱትም?»

አፖሎኒያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ስማ ልጄ፣ ከክፉ አድነኝ ብዬ ለምኛለሁ። መጀመሪያ ያድነኝ፤ የቀረውን ያኔ እጨርስለታለሁ።»