አያ ደምሌ ያልጨመረው ቃል

ወረታ መገንጠያው ላይ አውቶብሱ ተሳፋሪ ለመሙላት ሲቆም መስኮቱን ከፈትኩት። ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ ዋልካ አፈር ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ፣ የበሰበሰ ድርቆሽና የከብት በረት የተቀላቀለበት የፎገራ የነሐሴ ሽታ፣ የባጃጆቹን ጭስ አልፎ መጣና ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ጠዋት ወንድሜ ከመንደር ደውሎ «ደህና ነን፤ ጎርፉ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ በከንቱ እንዳትለፋ» ብሎኝ ስለነበር መንገዴን ወደ ደብረ ታቦር አድርጌ ነበር። ሽታው ግን ስለ ደብረ ታቦር የሚያውቀው ነገር የለም። በደርግ ጊዜ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ምዕራፍ ሊያሳብደኝ ወደደረሰበት ክረምት ይዞኝ ተመለሰ።

ያን ክረምት ወረታ ውስጥ፣ ጨውና ላምባ ከምትሸጠው ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለመምህርነት ሥልጠና መግቢያ ፈተና አጠና ነበር። ትምህርቴን ካቋረጥኩ ቆይቻለሁ፤ የቀረውን ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ፈተናውን ከወደቅሁ የገበሬ ማኅበሩ ለጦር ግንባር ሲመለምል ስሜ ከፊተኞቹ እንደሚጠራ እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል። ሒሳቡ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ስፒች የሚሉት ነው። ሰውዬው «አይ አም ፋይን»፣ «ደህና ነኝ»፣ ይላል፤ እኔ ደግሞ ቃሉን ለሌላ ሳደርስ «ሂ ሰይድ ዛት ሂ ዋዝ ፋይን» ማለት አለብኝ። «እኔ» ያለው «እሱ» ይሆናል፣ «ነኝ» ያለው «ነበር» ይሆናል፣ «ነገ» ያለው «በማግስቱ» ይሆናል። የሰውን አፍ እንዲህ ማገላበጥ ለምን እንዳስፈለገ መጽሐፉ አይናገርም። ሠንጠረዡን ብቻ ደርድሮ ዝም ይላል።

ማታ ማታ ለጥቂት ልጆች የሚያስጠናን መምህር ነበር፤ ሁላችንንም «ጓድ» እያለ ነው የሚጠራን። እንደ ምንም አፌን ከፍቼ ምክንያቱን ብጠይቀው ጠመኔውን እያራገፈ «ጓድ፣ ፈረንጅ እንዲህ ስለሚል ነው» አለና ሰሌዳውን አጠፋው። መልመጃዬ በቀይ ተቦጫጭሮ ይመለሳል። ክፍሌ ገብቼ ሠንጠረዡን ጮክ ብዬ ስሸመድድ እትዬ ዘይነባ ከግድግዳው ማዶ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው? ይቅር በለውና ልተኛ!» ትለኛለች።

ነገሩ ያልገባኝ በአያ ደምሌ አገር ስላደግሁ ይመስለኛል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን በመንደራችንና በወረታ መካከል የሚመላለሰው አያ ደምሌ ብቻ ነበር፤ ጥልቁን በደንገል ታንኳ፣ የቀረውን በእግሩ። የሰው መልእክት ይዞ ገበያ ይመጣል። በእኛ ዘንድ መልእክተኛ የላኪው አፍ ነው፤ ቃል አይቀንስም፣ ቃል አይጨምርም፤ ከጨመረ ሁለተኛ የሚልከው የለም። አያ ደምሌ ደግሞ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ያመጣዋል። አሮጊት ከላከችው ድምፁ ይቀጥናል፤ የተቆጣ ሰው ከላከው ምንም ያላጠፋውን ተቀባይ ዓይኑን አጉረጥርጦ ያስደነግጠዋል። አንዴ ሙሽራ ለእናቷ ልካው ገበያ መሐል እንባውን ሲያብስ ታይቷል። ለዚህ ሰው «ነኝ»ን ወደ «ነበር» ለውጥ ብትሉት ሌባ ያላችሁት ነው የሚመስለው።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ዝናቡ ሌሊትና ቀን አላባራ አለ። ከዚያ አያ ደምሌ በሱቁ በር ብቅ አለ። ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ፤ የአባቴን ደረቅ ሳል ሁለት ጊዜ ሳለ።

«ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ፈተናህን ሳትጨርስ ብትመጣ ልጄ አይደለህም» አለ፤ በአባቴ ድምፅ።

ልብሱ እስከ ብብቱ ድረስ ጭቃ ነበር። መንደራችን መግቢያ ላይ ታንኳውን አስሮ ወደ ቤቶቻችን በእግሩ ሲሻገር ውሃው ከጉልበቱ አልፎ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ጭቃው የቆመበትን መስመር ዓይኔ ይዞት ቀረ።

«አያ ደምሌ፣ እርስዎስ ምን አዩ?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። «እኔን ማን ላከኝ ልጄ? የላከኝ አባትህ ነው።»

ደግሜ ብጠይቀው የአባቴን ቃል ከነሳሉ ደገመልኝ። አንቄ ማናገር ብቻ ነበር የቀረኝ። ሲሄድ እትዬ ዘይነባ ጨው እየሰፈረች «ደህና የሆነ ሰው በዚህ ጎርፍ ሰው ይልካል እንዴ? ደህናማ ዝም ይላል» አለች። ልሂድ ብል የአባቴን ቃል ልሰብር ነው፤ ልቅር ብል የጭቃው መስመር አለ። ቀረሁ። ፈተናው ላይ ያ ምዕራፍ መጣ፤ ምንም ሳይገባኝ፣ እየተናደድኩ፣ እንደ ሠንጠረዡ ሁሉንም ገለበጥኩት።

ፈተናውን ጨርሼ ቤት ስደርስ ቤት አልነበረም። ምሰሶው ብቻ ከውሃው ወጥቶ ቆሟል። ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ሸራ ወጥሮ ተጠልሏል፤ ከከብቶቹ አንዲት ጊደር ብቻ ተርፋለች። ጊደሯን ከጎርፍ ያወጣት አያ ደምሌ ነው፤ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት። እንደዚያ ሆኖ ነው «ላሞቹም ደህና ናቸው» ያለኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ አያ ደምሌ ላይ ጮህኩበት፤ በዕድሜዬ በታላቅ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ነገርኩህ እኮ» አለ ግራ እየገባው። «አንዲት ቃል አላስቀረሁም።»

አባቴ ከሸራው ስር ያን ደረቅ ሳሉን ሳለ፤ በራሱ ጉሮሮ። «ተፈተንክ?» አለ። ተፈተንኩ አልኩት። «እንግዲያው ደህና ነን» አለ። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳያስረዳኝ፣ ያ ቀዝቃዛ «ሂ ሰይድ» ምን እንደሚሠራ ገባኝ። ያለው እሱ ነው፣ ያለውም ያኔ ነው፣ እኔ ዋስ አይደለሁም ማለቱ ነው። አያ ደምሌ እንዲህ የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ ቃሉን ከነትኩሳቱ አምጥቶ እጄ ላይ ከማስቀመጥ በቀር። ገባኝ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ፈተናውን አለፍኩ፤ ያንኑ ምዕራፍ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ «ለምን?» የሚል ልጅ በተነሳ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቴም አያ ደምሌም የሉም። ቤታችን የነበረበት ቦታ ሩዝ ተዘርቶበታል፤ ታንኳ የሚሠራም በመንደሩ አልቀረም። አሁን ወንድሜ ይደውላል፤ ድምፁ የራሱ ነው፣ ቃሉም የራሱ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ደህና ነን» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል። በመካከላችን የቆመ፣ ልብሱ እስከ የት እንደረጠበ የማየው ሰው የለም።

ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ሞላ፣ እንሂድ!» እያለ በሩን መታ። ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ። «ጋሼ፣ ሂሳቡ አይመለስም!» ሲለኝ በእጄ ተወው አልኩት፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በሜዳው አልፎ ወደ መንደራችን የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።