ሞፈር የወጣበት ለቅሶ

ለቅሶ ላይ ተቀምጣችሁ የሟቹ ሙገሳ ሲነገር፣ «ይህ እኔ የማውቀው ሰው አይደለም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሲቀበሩ ብያለሁ። የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው የማንም ሊሆን ይችል ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ የአባቴ ለቅሶ ትዝ አለኝ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። ላሊበላ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ በሰኔ ሞተና በጭቃው መንገድ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ብልባላ ገሠገሥኩ፤ ለቀብሩ ደረስኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ወንድ ሲሞት፣ በሠልስቱ፣ ማለትም በሦስተኛው ቀን፣ ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ አልቃሿም እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። አባቴ ግን ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ሞፈር ጠራቢ ነበር። ሞፈር በሬዎቹ የሚጎትቱት ረጅሙ የማረሻ እንጨት ነው፤ አባቴ የገበሬውን ቁመትና የበሬውን ጉልበት አይቶ ነበር የሚጠርበው።

ከቀብር መልስ ንፍሮ ስንቆረጥም፣ ታላቅ ወንድሙ አያ ደምሌ ጠመንጃ ተውሰው መጡ።

«የማን ነው፣ አያ?» አልኳቸው።

«ለሠልስቱ የወንድሜ ነው።»

«አባቴ በሰው ጠመንጃ አይለቀስም። ሞፈር የጠረበላቸው ሁሉ ሞፈራቸውን ይዘው ይምጡ።»

«በሰኔ? ማን ጥማዱን ፈትቶ ይመጣልሻል? አስተማሪ ብትሆኚም ለቅሶ አታስተምሪንም!»

አልቃሿ እትየ ጥሩ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ የለመድኩት ገዳይ ማወደስ ነው። እንጨትን ምን ልበለው?»

«ያዩትን ይበሉ፣ እትየ።»

በማግስቱ ዝናብ እየደበደበኝ ከቤት ቤት ዞርኩ። ሁሉም ያጽናናኛል፤ ስለ ሞፈሩ ግን «እስቲ እናያለን» ነበር መልሱ። ዘር አለባቸው፤ አልፈረድኩባቸውም።

የሠልስቱ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ለእርሻ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። አያ ደምሌ ሰማዩን በከዘራቸው አሳዩኝና ጠመንጃውን አነሱ። ያን ጊዜ ከቁልቁለቱ አንድ ሞፈር ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ መንገዱ ሞላ። ጭቃው ገና ያልደረቀ ሞፈር በየትከሻው ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት እንኳ ከልጇ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው መጡ። ሁሉም ሞፈሩን ሜዳው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ።

እትየ ጥሩ ሞፈሮቹን ዞረው አዩ። ከዚያ ደረታቸውን መቱ፦

«ጠመንጃ ምን ያርሳል ተሰቅሎ ግድግዳ፣
ሞፈርህ ነው እንጂ የዋለው ከሜዳ።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ስታለቅስ፣ በሕይወቱ ሳለ በስሙ ጠርታው የማታውቀውን ባሏን በስሙ ጠራችው።

አያ ደምሌን ፈለግኳቸው፤ የሉም። ተቀይመው ሄዱ ስንል፣ ከሁሉም ኋላ እያለከለኩ መጡ። ጠመንጃው የለም፤ ወንድማቸው የጠረበላቸውን ሞፈር ከማሳቸው አንሥተው ተሸክመዋል።

«ዞር በሉ፣» አሉ ሰዉን፣ «የእኔ ከፊት ይቁም። የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ጠማማነቱን አትዩ!»

ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ።

ዛሬም ለቅሶ ስሄድ ያ የቆመ ሞፈር ይታየኛል። እናንተም እስቲ ሞክሩት፤ የምታውቁት ሰው ሲያርፍ፣ የተለመደውን ሙገሳ ከመዋሳችሁ በፊት እጁ በቤታችሁ የተወውን ፈልጉ። ወንበርም ይሁን የጠገነው ሣጥን፣ ይዛችሁት ሂዱና ለቤተሰቡ አሳዩ።