ሞራ የተቀባው ሻንሲ

መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴው ነኝ ያስተማርኩት። ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈኛል፣ መኪናው ግን ይነሳል። ሲጀመር ያበዙት የሠሩት ሰዎች ናቸው። በመሐል ሜዳ ከኔ የሚሻል መካኒክ አለ የሚል ካለ ይምጣ፤ ብቻ ምሳውን በልቶ ይምጣ፣ ክርክሩ ረጅም ነው።

ታዲያ ግቢዬ ውስጥ ስምንት ዓመት የቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረኝ። ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ይታቀፍበታል። የሁዳዴ ጾም የገባ ሰሞን ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እስከ ፋሲካ በራሱ ጎማ ካልወጣ ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል።»

ሴትዮዋ አትቀልድም። አልጋችንን አንዴ እንዲሁ ሸጣዋለች።

ደግነቱ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ያፈስ ነበርና፣ የነፍስ አባቴ አዲሱን ቆርቆሮ ከደብረ ብርሃን እንዳመጣላቸው ነግረውኛል። ጭነት ተገኘ፤ የቀረው መኪና ነው።

ሞተሩን አስነሳሁት። ችግሩ ሻንሲው ነበር፤ መኪናው ሁሉ የሚጫንበት ያ ረጅም የብረት አጥንት ዝገት ለብሷል። የጭነት ሳጥኑን አውርጄ ሦስት ቀን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት። የሚታየውን ማለቴ ነው። «በል አሁን ዝገት መከላከያ ቀለም ቀባው» አሉኝ ጎረቤቶቼ። ሳቅኩባቸው። ወላጅ አባቴ ማረሻውን ሞራ ቀብቶ ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንድ ቀን ዝጎ አያውቅም። ሻንሲ ደግሞ ረጅም ማረሻ አይደል?

ለቅበላ ያረድነው የሙክት ሞራ ጓዳ ተሰቅሏል። ግቢ ውስጥ እሳት አንድጄ አቀለጥኩትና፣ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወዙ እስኪንጠባጠብ ቀባሁት። ሰው ሁሉ በሽሮ አንጀቱ ከታጠፈ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ነፋሱ ሽታውን ለሰፈሩ አደለው።

«ማነው በሁዳዴ የሚጠብሰው?» ብሎ ጮኸ ጎረቤቴ ካጥሩ ወዲያ። «ወይ ተወን፣ ወይ ጥራን!»

ብዙም ሳይቆይ የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከች አሉ።

«አንተ! በጾም?»

«አባቴ፣ እኔ አልበላሁም። መኪናው ነው።»

«ይሄን መኪና ስትገዛው ጠበል የረጨሁት እኔ አይደለሁም?»

«ነዎት።»

«እንግዲያው ይጾማል። ጾም በገደፈ መኪና የእግዜርን ቆርቆሮ አላስጭንም።»

ከልባቸው ይሁን እያሾፉብኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ጢማቸው አፋቸውን ይሸፍነዋል። ባለቤቴ ግን ከደጃፍ ሆና «ለቆራሌው ልላክበት?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሞራውን ላጥብ ስወጣ፣ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ቀድሞኛል። ሻንሲው ስር ተሰልፈው ይልሳሉ፤ የኔ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ የነሱ ምላስ ደርሶበታል። አንዱ ቡችላ ከኋላ ጎማው በላይ ችክ ብሎ ይልሳል። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ምላሱ በወዲህ ገብቶ በወዲያ ወጥቷል! ለካ ብረቱን ዝገት በስቶት፣ እኔ ቀዳዳውን በሞራ መርጌ «አበቃ» ብያለሁ። ያን ሁሉ ቆርቆሮ ጭኜ ቁልቁለቱ ላይ ቢሰበርብኝስ?

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። መጀመሪያ ሞራውን በናፍጣና በሳሙና አጠብኩ፤ በያጅ ጠርቼ ቀዳዳውን በወፍራም ብረት አስደፈንኩ። ከዚያ ያን የሳቅኩበትን ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁ። አፍሬ ሳይሆን፣ ሞራ ስላለቀ ነው።

በሆሳዕና ዋዜማ የነፍስ አባቴ መጡ፣ ሻንሲውን ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ «ንስሐ ገብቷል» አሉና ጋቢና ወጡ። ቆርቆሮው ሳይጎድል ሳይጎብጥ ደረሰ።

የፋሲካ ሰሞን ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ ደጃችን ቆመ። ባለቤቴ መኪናውን አየች፣ ከስሩ የወጡትን እግሮቼን አየች።

«ብረቱ አይሸጥም» አለችው። «ከስሩ የተጋደመውን ከፈለግህ ግን ውሰደው።»

ሰውዬው አጎንብሶ ዓይኔን እያየ ትንሽ አሰበ።

«ኧረ ይሄማ ዝጓል፣ እቴ» ብሎ ጋሪውን ገፋ።

ቆራሌ ደግሞ ስለ ብረት ምን ያውቃል!